የዓሣ አካፋዩ ድምፅ

ሽማግሌው ፋሌሲ የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደ መጋረጃው አልሄዱም። እዚያው ምርጫ አስፈጻሚዋ ሉሳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና «ደሴታችን ራሷን ታስተዳድር» ከሚለው ጎን ትልቅ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያም ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ። የመንደሩን ዓሣ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የየቤቱን ድርሻ አሸዋው ላይ የደረደሩት በግላጭ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው።

«አባባ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው» አለች ሉሳ። ከሦስት ሰው ሁለቱ «ራሷን ታስተዳድር» ካላለ ሐሳቡ ይወድቃል። እሷ ደግሞ ደሴቷን በምታስተዳድረው በኒውዚላንድ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ፣ «ይህ ሕዝብ ይችለው ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከልቧ አልወጣ ብሏት ነበር።

«ተደብቆ የሚያካፍልማ ሌባ ነው!» አለች ከሰልፉ አንዲት ሴት። ሰዉ ሳቀ።

«ሰማሽ ልጄ? ይሄን ሕግ ማነው ያወጣው?»

«ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ አባባ። እስከ ዛሬ ሕግ የሚመጣልን ከዚያ አይደል?»

«ዛሬ ካሸነፍንስ?»

ሉሳ አዲስ ወረቀት እያቀበለቻቸው ጥቂት አሰበች። «ያኔማ የምናወጣው እኛው ነን» አለች፤ ስትናገረው ራሷም አመነችው።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ሰልፉ ዞሩ። «በሉ እንግዲህ፣ ለባሕር ማዶዎቹ ለዛሬ ብቻ እደበቅላቸዋለሁ» አሉና መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።