ለምን ቀረ የሚል ሰው

«እናዋጣላታለን» አሉ ጋሽ ጀቤሳ፣ ፈለቀች ገና ንግግሯን ሳትጨርስ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጉባኤ ፊት ከቆመ መቼም ቸግሮት ነው ብለው የሚያምኑ ደግ ሽማግሌ። የተሰበሰበውም አባል «ይገባል፣ ይገባል» እያለ አጉረመረመ።

«ኧረ አልቸገረኝም ጋሽዬ» አለች ፈለቀች። «ብሩህ አባል ይሁን ነው የምለው። በራሱ ስም።»

ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ልጇን አየ። ብሩህ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከእናቱ በአንድ ራስ ይበልጣል። የወንበሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ወዲያ ወዲህ ይዳስሳል። ኦቲዝም እንዳለበት ሰፈርተኛው ያውቃል፤ ኦቲዝም ምን እንደሆነ ግን እንደየቤቱ መልሱ ይለያያል። ፈለቀች ይህን ከሰው ፊት ላይ ማንበብ ከለመደች ቆይታለች። ዛሬም ማን ምን ብሎ እንደሚጀምር ለማየት ጓጉታለች፤ ፈርታለችም።

የጀመረው ያደታ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ፣ ከእነፈለቀች ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት። «እትዬ ፈለቀች፣ በደንባችን ልጅ ሃያ አንድ ሲሞላው ከወላጁ መዝገብ ይወጣል። ብሩህም ወጥቷል። በራሱ ይግባ ካልን ደግሞ አባል ግዴታ አለበት። ቀብር ይወጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። ብሩህ የእናቴ ለቅሶ ላይ ስቋል። ሰዉ ሲያለቅስ እሱ ይስቅ ነበር።»

«ስቋል» አለች ፈለቀች። «ጩኸት ሲበዛበት ይስቃል። ደስ ብሎት አይደለም፤ ግን ስቋል። ማታውኑ ይቅርታ ልጠይቅህ መጥቼ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ከበርህ ተመለስኩ።»

ያደታ ይህን አያውቅም ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ጋሽ ጀቤሳ ነገሩ እየሳባቸው መጣ። «ታዲያ አሁን ምን አስቸኮለሽ? አንቺ አለሽለት አይደል?»

ፈለቀች መልሱን ቤቷ ደጋግማ ተለማምዳው ነበር፤ ቆማ ስትናገረው ግን ተደበላለቀባት። ትምህርት ቤቱ አምና ክረምት «ጨርሷል» ብሎ ሸኘው፤ ምን እንደጨረሰ የነገራት የለም። ስለ ኦቲዝም የሚሠራ አንድ ድርጅት አለ ተብላ ብትሄድ፣ የሚቀበለው ሕፃናትን ብቻ ነው። አንዱ ቢሮ አዋቂ ስለሆነ ራሱ ይምጣ ይላታል፤ ይዛው ስትሄድ ደግሞ እሱን ትተው እሷን ያናግራሉ። ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያልረገጠችው ደጅ የለም።

«ትምህርት ቤት እያለ አንድ ቀን ከቀረ መምህሩ ይደውልልኝ ነበር» አለች። «አሁን የሚቀርበት ቦታ እንኳ የለውም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን መሞቴ አይቀርም። ብር አይደለም የምጠይቃችሁ። ሲቀር፣ ብሩህ ለምን ቀረ የሚል ሰው ነው የምፈልገው። እናንተ ስም ትጠራላችሁ፣ የቀረውን ትጠይቃላችሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁ።» ተቀመጠች።

ጋሽ ጀቤሳ ወደ ብሩህ ዞሩ። እስካሁን እሱን ራሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ብሩህ ልጄ፣ ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል?»

አውራ ጣቱ ቆመ። «ድንኳን ይተከላል» አለ፣ ማንንም ሳያይ፣ ከፍ ዝቅ በማይል ድምፅ። «ወንበር ይመጣል። ሰው ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሣል። ወንበሩ ይሄዳል።»

«ጎበዝ። አንተስ ያን ጊዜ የት ትሄዳለህ?»

«ቤት።»

«ቤት ማን አለ?»

«እማዬ አለች።»

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ ሊያስከትሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ያችን ጥያቄ ፈለቀች ስንት ዓመት ለብቻዋ ስታብሰለስላት ኖራለች። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሯት ዝም አለ። ለብቻ ዝም ከማለት ይሻል ነበር።

«ድንኳን ላይ ይመደብ» አሉ ጋሽ ጀቤሳ በመጨረሻ። «ለቅሶ ቤት መቀመጡን እናልፈዋለን። ተቃውሞ ያለው አለ?»

ሁሉም ያደታን አየ። ያደታ መዝገቡን ገልጦ «ብሩህ በቀለ» ብሎ ጻፈ። «ስም ስጠራ ካጣሁት ሄጄ የማንኳኳው እኔው ነኝ፤ ግድግዳ ነው የሚለየን» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈለቀችን አያት። «ግን እርስዎ ባይኖሩ፣ ሲንኳኳ ይከፍታል?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «አይከፍትም» አለች። «የእኔን ማንኳኳት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቴ እመታለሁ፣ ቆየት ብዬ አንዴ እደግማለሁ።»

ያደታ ጠረጴዛውን በጣቱ ሁለቴ መታና አንዴ ደገመ። ብሩህ ንቅንቅ አላለም።

«ፈጠንክ» አለች ፈለቀች። «ቆየት በል።»

ያደታ እንደገና ሞከረ። ሁለቴ መታ፤ እጁን አንሥቶ ጠበቀ። ውጭ መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና አልፎ ሄደ። ከዚያ አንዴ ደገመ።

ብሩህ ተነሣ። የተዘጋውን የአዳራሹን በር ከፈተና እጀታውን እንደያዘ፣ የሚገባውን ሰው እየጠበቀ ቆመ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም።

ፈለቀች ልትነሣ ስትል ያደታ ቀደማት። ከጠረጴዛው ወጥቶ በብሩህ አጠገብ አልፎ ደጅ ወጣ፤ እዚያው ዞረና ተመልሶ ገባ። ብሩህ ከኋላው በሩን ዘጋለት።