የእትዬ መይሙና ሽርሽር

እትዬ መይሙና ከቆቦ ተነስተው፣ ደሴ አድረው፣ አዲስ አበባ የገቡት ሐሙስ ወደ ማታ ነው። ኪሮስ በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ደነገጠ። እንደሚመጡ አልጻፉለትም።

«በደህና ነው እትዬ?»

«አብሽር፣ በደህና ነው። ናፈቃችሁኝ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሲሰጠኝ ጊዜ ተሳፈርኩ።»

ኪሮስ «ናፈቃችሁኝ» የምትለዋን ሰምቶ አቀረቀረ። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

ሙሀመድሰይድ የእትዬ መይሙና ልጅ ነው። የኪሮስ ወላጆች ከትግራይ መጥተው ቆቦ የቀሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ሁለቱ ልጆች በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ፣ የአንዱ እናት ዋጃ ገበያ ስትውል የሌላዋን ጡት እየጠቡ አደጉ። አዲስ አበባም አብረው መጥተው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ እንጨት ቤት ተቀጠሩ። አምና ሙሀመድሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ቁስለኛ ወታደር ኪሮስን ፈልጎ መጣና፣ ናቅፋ ግንባር በእጄ ቀበርኩት አለው።

ኪሮስ ይህን በደብዳቤ መጻፍ አልሆነለትም። ፈቃድ አግኝቶ ቆቦ እስኪሄድ በሆዱ ይዞት ሳለ፣ እናትየዋ ራሳቸው መጥተው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ሙሀመድሰይድ ጻፈልህ?»

«አሰብ ተመድቧል። ወደብ ጥበቃ ነው፤ ጦርነት የለበትም።»

«ደህና ይሁን እንጂ» አሉና ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ኪሮስ ወሬ ለመለወጥ ቸኮለ። «እናቴስ? ወገቧን እንዴት አረጋት?»

«ለተ ብርሃን? ከርሞባት ነበር። አሁንስ አረፍ ብላለች።»

«ምነው ታዲያ ምንም ሳትልክልኝ?»

«በጥድፊያ ተነስቼ ነው ልጄ። ይልቅ ራትህን ብላ።»

ዐርብ ኪሮስ ከሥራ ሲመለስ፣ እትዬ መይሙና መርካቶ ያገራቸውን ሰው ሐጂ አሊን ሲጠይቁ መዋላቸውን ነገሩት። ደነገጠ፤ ግን የልጁን ነገር ሐጂ አሊም አልሰሙም። ቅዳሜ በማለዳ ወደ ሱቃቸው ሮጠ።

«ሐጂ፣ ሙሀመድሰይድ የለም» አለ፤ ሌላ አነጋገር አልመጣለትም።

ሐጂ አሊ የያዙትን ጨርቅ ጣሉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» ብለው ኪሮስን አተኩረው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይህንንም ብቻህን ተሸክመህ?»

«መርዶውን እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ አልችልም።»

«ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ካገራችን ሰው ከአቶ ሞላ ጋር እንመጣለን። እስከዚያ አብላት። አንተም ብላ፣ ሰውነትህን ጠብቅ።»

ከመርዶ በኋላ እህል እንደማይቀምሱ ኪሮስ ያውቃል። ከዚያ በፊት የቀራቸው ሁለት ቀን ነው፤ በሁለቱ ቀን ከተማውን ሊያሳያቸው ቆረጠ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ኪሎ አንበሶቹን ለማየት ወሰዳቸው። እትዬ መይሙና ከብረቱ ወዲያ የሚንጎራደደውን አውሬ ቆመው አዩት። «ምስኪን፣ ምን በድሎ ታሰረ?» አሉ፤ ኪሮስ ሰው እንዳይሰማ ፈጠን ብሎ እጃቸውን ሳብ አደረገ።

ከዚያ ፒያሳ ወረዱ። ክርስቲያንና እስላም ሥጋ አብረው ስለማይበሉ ስፓጌቲ በቲማቲም አዘዘ። እትዬ መይሙና በሹካው ቢያነሱት ይወርዳል፣ ቢያነሱት ይወርዳል።

«ይኸ ደግሞ እንዴት ያለ እህል ነው? ይፈተላል እንጂ ይበላል?»

ኪሮስ ሳያስበው ሳቀ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቆ አያውቅም። እትዬ መይሙናም ሳቁ። ወዲያው ግን በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ» አሉና ሳህናቸውን ወደ እሱ ገፉት። «ይኸንንም ጨምርበት።»

ልጃቸውን በእኔ እያዩ ነው ብሎ አሰበ፤ ሳህኑን ተቀብሎ በላ።

እሑድ ኬክ ቤት ገቡ። በየጠረጴዛው ያማረበት ሰው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ሬዲዮው ሙዚቃ ያሰማል። አስተናጋጇ ኬኩን ስታስቀምጥ «እናትህ ናቸው?» አለችው።

ኪሮስ አፉን ሳይከፍት እትዬ መይሙና «አዎ፣ እናቱ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ከማለቱ የተነሳ በጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞር አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አረፉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እትዬ መይሙና የኪሮስን እጅ ያዙ።

«ኪሮስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፈጠረው ነው።»

«ምነው እትዬ? ምን ሆኑ?»

«እንዲያው ነው። ሁለት ቀን አስደሰትከኝ፤ አላህ ያስደስትህ።»

የእናት ሆድ አውቆታል አለ በልቡ። ሊነግራቸው ከንፈሩን አላቀቀ። አውቶቡሱ ግን መጣ።

ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በእትዬ መይሙና ግራና ቀኝ ሁለት በርጩማ አስቀመጠ፤ ሲወድቁ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው ቀድመውት ተነስተው፣ ለብሰው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በርጩማዎቹን አዩ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም።

በሩ ተንኳኳ። ሐጂ አሊና አቶ ሞላ ገቡ። ኪሮስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ጩኸቱን ጆሮው ቢሰማም ፊታቸውን ዐይኑ እንዳያይ። እግራቸው ወለሉ ላይ ሲራመድ ይሰማዋል፤ በርጩማዎቹ ላይ ሲቀመጡ ግን አልሰማም።

ሽማግሌዎቹ ከእትዬ መይሙና አልፈው መጡና ኪሮስን ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት፤ እሳቸውም ከፊቱ ቆመው «እናትህ ለተ ብርሃን…» ብለው መጨረስ አቃታቸው።