አርጉላ መልስ አላገኘችም

የትምህርት ቤቱ ጂም ውስጥ ስገባ ሃያ ስምንት ልጆች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። ከላይ ከመስኮቶቹ የሚገባው የበረዶ ብርሃን ፊታቸው ላይ ተኝቷል። እያንዳንዳቸው እጃቸው ላይ ቀይ ክብ ወረቀት ለጥፈዋል። ወረቀቱን ሲነኩት ልጁ ይነቃና የመረጠውን የታሪክ ሰው ሆኖ ይናገራል፤ ሲጨርስ ተመልሶ ይደርቃል። የስድስተኛ ክፍል ፕሮጀክት ነው አሉ። እኔ ግን ሕልም ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ፣ ጫማዬ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅኩ እራመዳለሁ።

የምፈልገው ልጄን ሳምሪን ነው። እናቷ ምሥራች ሺፍት ስላላት፣ "ዛሬ አንተ ሂድ፤ ምናልባት ታናግርህ ይሆናል" ብላ ላከችኝ። ሳምሪ ካኮረፈችኝ ሁለት ወር ሞላት። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አኩርፋቸው አታውቅም።

ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር አገኛታለሁ። የእናቷን ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጭ ሻሽ አስራ አንገቷን በእጥፍጥፍ ወረቀት ከባዋለች። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እያየችኝ አታየኝም። ደረቷ ላይ "አርጉላ ፎን ግሩምባኽ፣ ጀርመናዊት የባላባት ልጅ፣ 1523" የሚል ተጽፏል። የሉተርን ዘመን በቤተ ክርስቲያናችን አራት ዓመት ያስተማርኩ ሽማግሌ ነኝ፤ የዚችን ሴት ስም ግን ሰምቼ አላውቅም።

እጄን ሳልዘረጋ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌሬዳ ይቀድሙኛል። የልጅ ልጃቸው ከማዶ ሆኪ ተጫዋች ሆኖ ቆሟል።

"ጌዲዮን፣ አንተም መጣህ?" ይሉኝና ቀዩን ወረቀት ጫን ያደርጋሉ። "ሳምሪዬ፣ በአማርኛ ንገሪኝ፤ እንግሊዝኛው አይገባኝም።"

ሳምሪ ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች። "እሺ እትዬ። እኔ አርጉላ ነኝ። አራት ልጆች አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ልጅ አሰረ። ኤይቲን ነው። ላይክ፣ ቢሊቭ የሚያደርገውን፣ እምነቱን፣ ስለተናገረ። ከዛ ሰው ሁሉ ፊት አቁመው 'ተሳስቻለሁ በል' አሉት።"

"እሱስ አለ?"

"አለ። እያለቀሰ አነበበ። እነሱ ናቸው የጻፉለት።"

ወንድሟ ማኑም አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት በወጣቶች ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ "የታመመ ሰው ካልዳነ እምነት ስለጎደለው ነው ማለት ጭካኔ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ይህን ይተዉ" አለ። እኛም ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ተባለ፤ ያልኩትም እኔ ነኝ። እሑድ ምእመኑ ፊት ቆሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ወሰንን። አማርኛ መጻፍ ይከብደዋል ብዬ የሚያነበውን ያዘጋጀሁለት እኔው ነኝ፤ ፊደሉ እንዳያስቸግረው በትልልቁ አድርጌ። እያለቀሰ አነበበው። በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ኤርድሪ ከተማ ጓደኛው ጋ ገባ።

"አባት የለውም እንዴ ይሄ ልጅ?" ይላሉ እትዬ ጽጌሬዳ።

"እንጃ እትዬ። እኔ ያጠናሁት ላይ የለም።"

ወደኔ አትዞርም። አፍሬ ወለሉን አያለሁ።

"ታዲያ ማን ተከራከረለት?"

"እኔ። ለፕሮፌሰሮቹ ሌተር ጻፍኩ። ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ፣ ፊት ለፊት እንነጋገር አልኳቸው። ባሌን ከሥራ አባረሩት። ሌተሩን ግን ሰዎች እያተሙ አንብበውታል፤ ፋይቭ ሀንድረድ ይርስ ሆኖት አሁንም ይነበባል። ፕሮፌሰሮቹ ግን አንዳቸውም አልመለሱልኝም።"

"ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ" ይሏታል እትዬ ጽጌሬዳ፤ ግንባሯን ስመው ወደ ሆኪ ተጫዋቻቸው ያዘግማሉ። ሳምሪ ተመልሳ ትደርቃለች።

ቀዩን ወረቀት እነካለሁ። ሕግ ነውና ትናገራለች፣ አሁን በእንግሊዝኛ። ሁለት ወር የናፈቀኝ ድምፅ ነው፤ ለኔ ግን አይደለም። አንዳቸውም አልመለሱልኝም ብላ ትጨርሳለች። እንደገና እነካለሁ፤ እንደገና ትናገራለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስዘረጋ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይና እጄን እሰበስባለሁ።

ስልኬን አወጣለሁ። ከቤት ከወጣ ወዲህ ማኑ ጋ ደውዬ አላውቅም። ልጅ ይደውላል እንጂ አባት ምን በወጣው እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። በዚህ ሰዓት የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ብሬክ ላይ ነው።

"ሄሎ?"

ለጸሎት ስነሳ ምእመኑ ሰዓቱን የሚያይብኝ ሰው ነኝ። አሁን አንድ ቃል አጣሁ።

"ሄሎ? ዳዲ?"

"አናግረው" ትላለች ሳምሪ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

"ማኑ" እላለሁ፣ "ያን ነገር ልጽፍልህ አይገባም ነበር። ልክ ነበርክ። ባትሆንም እንኳ አጠገብህ መቆም ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።" ድምፄ ካሰብኩት በላይ ይወጣል። ሁለት ወላጆች ይዞራሉ፤ ከሳምሪ ቀጥላ የቆመችው ትንሽ ንግሥት በአንድ ዓይኗ ታየናለች።

ማኑ አይመልስም። ስልኩን ግን አይዘጋውም፤ ከበስተጀርባው ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል። ሳምሪ ቦታዋን ለቃ ትመጣለች። የአንገቷ ወረቀት እየተጨራመተ ጆሮዋን ከወዲያ በኩል ስልኩ ላይ ትለጥፋለች፤ ጉንጯ እጄን ያሞቀዋል። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን የማኑን ትንፋሽ እናዳምጣለን።