ለአንድ ቃል አንድ ቃል

የሰው አገር ቋንቋ የሚማር ሁሉ፣ ለሚቀበለው ለእያንዳንዱ ቃል ከአፍ መፍቻው አንድ ቃል መስጠት ግድ በሆነበት ዘመን፣ ስንዱ ፖርቹጋልኛ በሚነገርባት በማፑቶ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል በአስተርጓሚነት ልትቀጠር እንግሊዝኛን ወደ ፖርቹጋልኛ መመለስ ትማር ነበር። አስቀድማ ሞፈርንና ቀንበርን፣ ከዚያም አይታ የማታውቃቸውን የአዝርዕት ስሞች ሰጠች። አባቷ አቶ ወልደሰንበት የሰጠቻቸውን ቃላት በትንሽ ደብተር እየጻፉ፣ ትርጉማቸው ጠፍቷት እንዳታፍር በፊቷ አይጠሯቸውም ነበር።

ዛሬ የምትቀበለው አንድ ቃል ብቻ ቀርቷት ነበር፤ «ሉክ አውት»፣ በፖርቹጋልኛ «ኩይዳዶ»፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው። ብዙ ካመነታች በኋላ፣ ሳያስቡት ከአፍ የምታመልጥ አንዲት ትንሽ ቃል ሰጠች።

«ጨረስኩ፣ አባዬ!»

«እሰይ፣ የእኔ ፖርቹጋል!» ብለው ሊስሟት ሲጣደፉ የምንጣፉ ጫፍ አደናቀፋቸው።

«ኩይዳዶ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ግድግዳውን ደግፈው ቆሙ። ሰው በተደናቀፈ ቁጥር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትላትን ቃል ጠበቁ። ስንዱ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልመጣላትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉና ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«አይዞሽ ምን ማለት ነው፣ አባዬ?»

አቶ ወልደሰንበት ደብተሩን ከኪሳቸው አወጡ።