ባለ ሦስት ቁራጩ ምሥጢር

መነጽር ሻጩ ለደንበኞቹ ብሎ የጀመረው እንግሊዝኛ ሳይታሰብ ለቤቱም ጠቀመው። አማቱ ለሳምንት ብለው መጥተው ከርመዋል፤ እሳቸውን ማማት የሚቻለው ደግሞ በማያውቁት ቋንቋ ብቻ ነው።

የዚያን ሰሞን ትምህርት «ፑት አፕ ዊዝ» ነበር።

«ለየብቻው ማስቀመጥ፣ ወደ ላይ፣ ጋር ነው» አላት ሚስቱን። «ሲገጣጠም ግን ችሎ መኖር ይሆናል። ጠባብ ጫማን፣ የጎረቤት ጩኸትን፣ ሌላም ሌላም…» ዐይኑ ወደ አማቱ ሄደ። ሚስቱ በቁንጥጫ መለሰችው።

ቃሉን ወደደው። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ የሚያደርገው እንኳ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ምሳሌ እየፈጠረ ነው። አማቱ አጠገቡ ሹራብ ይሠራሉ። ሲነቃ «በርታ ልጄ፣ ትምህርት አይጠላም» ይሉታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የእናትሽን ሬዲዮ እስከ መቼ እንችለዋለን ሲል በእንግሊዝኛ አማረረ። በማግስቱ ሬዲዮው ጓዳ ገባ።

«እንዳይረብሽህ ብዬ ነው» አሉ አማቱ።

የነጠላ ጫማቸውን ኳኳታ አነሳ። በማግስቱ በካልሲ ይሄዱ ጀመር። አፈረ፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሳላቸውንም ጨመረበት። በማግስቱ አፋቸውን በትራስ ይዘው ሲያስሉ አገኛቸው።

ነገር የሚያመላልስ አለ። አማቱ እንደሆኑ «ጉድ ሞርኒንግ» እንኳ የመድኃኒት ስም ይመስላቸዋል። ሚስቱን ልብ ብሎ አያት። ጠዋት ጠዋት ታዛጋለች፤ ስትተኛ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ትወትፋለች፤ ምነው ሲላት «ለብርዱ ነው» ትላለች። ይቺ ሴት የደበቀችው ነገር አለ።

«ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ» አላት በመጨረሻ።

«አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«ታዲያ ግድግዳው ነው የተናገረው?»

«ካላመንከኝ ከእማዬ ጋር እሄዳለሁ» አለችና ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች።

ይወዳታል፤ ያለ እሷ ያ ቤት ቤት አይሆንለትም። ግን ከሃዲን እንዴት ችሎ ይኖራል? ይህን እያብሰለሰለ፣ መጽሐፉን እንዳቀፈ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። አማቱ አጠገቡ ሆነው ክራቸውን ይጠቀልላሉ።

«ሚስትህስ ምንም አልነገረችኝም፣ ልጄ» አሉት። «አንተው ነህ ምሳሌዎችህን አንድ በአንድ ከነትርጉማቸው የምታሰማኝ፤ ከእንግዲህ ስትተኛ አፍህን ዝጋ።»