የተገለበጠው ቢት

አባቷ ጡረታ የወጡ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ናቸው። ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ነጥቤ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ነጥብ አድጋ መሐንዲስ ሆነች። ሥራዋም ከአባቷ ሥራ ብዙ አልራቀም፤ መልእክት ያለ ሽቦ፣ ሳይበላሽ የሚሄድበትን መንገድ ትቀይሳለች።

የምትሠራበት ድርጅት የልብ ሕመምተኞች እጃቸው ላይ የሚያስሩትን አምባር ያመርታል። አምባሩ የልብ ምት ይቆጥርና ቤት ውስጥ ወዳለች ትንሽ ሳጥን በአየር ይልካል፤ ከቤት እስከ ግቢ በር ድረስ ይደርሳል። ሳጥኗ ደግሞ ቁጥሩን ለሐኪሙና ለቤተሰብ ስልክ ታስተላልፋለች። ቁጥሩ በዜሮና በአንድ ተጽፎ እንዴት እንደሚጓዝ የወሰነችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን አምባርም ለአባቷ ሰጠች።

አባትየው የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ግቢያቸው በር ላይ ከሚሠራው ተከራያቸው ከጎማ ጠጋኙ በቀር አብሯቸው የሚውል ሰው የለም። ሐኪሙ ልባቸው መድከሙን አይቶ ቀዶ ጥገና አዞላቸው ነበር።

«እኔን እንደ በግ ማንም አያርደኝም» አሉ።

«እንግዲያው አምባሩን እጅዎ ላይ ይሰሩና ቁጥሩ ይናገር፣ አባባ።»

«ቁጥሩ ካማረ ትተዉኛላችሁ?»

«ሐኪሙ ካለ።»

ቁጥሩ አማረ። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። በሁለተኛው ወር ሐኪሙ ደወለ። «መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ቀዶ ጥገናው ይቆይ» አለ። ነጥብ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

ከዚያ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። መቶ ሃያ ስድስት።

ወዲያው ደወለች። «አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ጋደም ብዬ ሬዲዮ እሰማለሁ። ምነው?» ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ደረትዎን አላመመዎትም?»

«ደህና ነኝ አልኩ እኮ! ካላመንሽ ማሽንሽን ጠይቂው።»

ጠየቀችው። ወረቀት አውጥታ የቅድሙን ስልሳ ሁለትና የአሁኑን መቶ ሃያ ስድስት በዜሮና በአንድ ጻፈቻቸው። አንድ ቁጥር በሰባት ቢት ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ቢት ወይ ዜሮ ወይ አንድ ነው፤ የፊተኛው ቢት ስልሳ አራት ይመዝናል። አየር ላይ ረብሻ አግኝቶት ዜሮው ወደ አንድ ቢገለበጥ፣ ስልሳ ሁለት የነበረው መቶ ሃያ ስድስት ሆኖ ይገባል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስልሳ የነበረው መቶ ሃያ አራት ሆነ። ልዩነቱ ያው ስልሳ አራት። ደሟ ፈላ።

እንዲህ ያለ ስህተት እንዳያልፍ ከሰባቱ ኋላ አራት መፈተሻ ቢቶች አስቀምጣ ነበር። አለቃዋ ደግሞ «ባትሪ ይበላሉ፣ ይቀነሱ» እያለ ሲወተውት ከርሟል። ሠራተኛው ስስቱን አይቶ ከኋላው «ቋጠሮ» ይለዋል። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«መፈተሻዎቹን አውጥተሃቸዋል አይደል?»

«ኧረ አልነካኋቸውም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ወረቀቱን አገላብጦ አየ። «ምናልባት የሰውዬው ልብ ይሆናል።»

«የአባቴን ልብ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ? ሦስት ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ነው!»

ሳምንት ሙሉ ሞከረች። አምባሩን ቆርቆሮ በበዛበት ክፍል፣ ሞተር በሚያጓራበት ጓሮ፣ ሕዝብ በሚተራመስበት ኮሪደር አስቀምጣ አሥር ሚሊዮን መልእክት አስላከች። የተበላሹትን መፈተሻዎቹ አንድ በአንድ ይይዟቸዋል። ከአሥሩ ሚሊዮን ሁለት ብቻ አመለጡ።

ሁለቱ ለእሷ በቂ ነበሩ። ለድርጅቱ ቦርድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቋጠሮ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደ። ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ሲወጣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«እህቴ፣ እውነቱን ፈጣሪ ያሳይሽ» አላት።

ቀና ብላም አላየችው። ቀን ከሌት የሚያንገበግባት ሌላ ነገር ነበር፤ ቁጥሩ አንዴ ከዋሸ፣ እውነተኛው ሕመም ሲመጣ ማን ያምነዋል?

በማግስቱ በገዛ እጇ የፈተሸችውን አዲስ አምባር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሳትነግራቸው ወደ አባቷ ተሳፈረች። አሥር ሰዓት ገደማ ስትደርስ ጎማ ጠጋኙ በሩ ላይ ከጭነት መኪና ሥር አጎንብሶ ነበርና አላያትም።

አባትየው ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው ስበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። እግራቸው ከጫማ ሞልቶ ወጥቷል።

«አባባ! ምን ሆነው ነው እንዲህ ያበጡት?»

«እርጅና ነዋ። አንቺ ደግሞ ሳትናገሪ?» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደቀበሩ ጉንጫቸውን ሰጧት።

ስልኳ ጮኸ። መቶ ሃያ ስድስት።

«ይኸው፣ አሁንም ዋሸ!» አለች። ተንበርክካ ጣቷን አንገታቸው ላይ አሳረፈችና ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ምቱ ቀጭን ነው፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ደቂቃው ሲሞላ አርባ አንድ ላይ ነበረች።

ድጋሚ ቆጠረች። አርባ አንድ።

በሐሳቧ ዜሮና አንዱን ደረደረች። አርባ አንድ መቶ ሃያ ስድስት እንዲሆን አምስት ቢት በአንዴ መገልበጥ አለበት። በዚያ ሁሉ ሙከራ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም።

«አባባ፣ እጅዎን እስኪ ያውጡት።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዚህ መሐል ጎማ ጠጋኙ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ በወንበሩ ተከልላ የተንበረከከችውን ነጥብን ሳያይ ከደጅ ተጣራ፦

«ጋሼ፣ ሰሞኑን የሚመጡትን የጭነት መኪኖች ጎማ ስነፋ ልቤ ይሮጥና ልጅዎ ትደነግጣለች፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አምባሩን ላውልቀው እንዴ?»