ከወንድሜ ኩሬ የሚወርደው ውሃ

የኖራውን ጆንያ ታናሽ ወንድሜ ፎቶ የሚያነሳበት ግቢ በር ሥር አውርጄ፣ ሳፋ ሙሉ የሞተ ዓሣ እግሩ ላይ እደፋለሁ። ካሜራውን ደቅኖ ሙሽራ እያነሳ ነበር። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ትሸሻለች።

«እትዬ! በሰው ፊት?»

«ጎናቸው ላይ የተንጠለጠለውን ክር እየው! ትል ነው። ከአንተ ቀያይ ዓሦች የመጣ ትል!»

ለፎቶ ማድመቂያ ብሎ ከውጭ አገር ያስመጣቸው የጌጥ ዓሦች አጠገባችን ኩሬው ውስጥ ይንሸራሸራሉ። የእሱ ኩሬ ሲሞላ ውሃው በቱቦ ወደ እኔ ይወርዳል። እኔ ታች ለገበያ ዓሣ አረባለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ኩሬ ነው።

«የኔዎቹ ምን ሆኑ?» ይላል ፈገግ ብሎ። «ያብረቀርቃሉ እኮ! ይልቅ ያንቺን ኩሬ አጽጂ።»

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሳቀ ነው የሚበድለኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ኩሬው ውስጥ እጄን እከታለሁ።

«ተይ እትዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ያውጣ!»

አንዱን ቀይ አንቄ አወጣዋለሁ። ክር የለበትም። ግን ጎኑ ላይ የደማ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ ከሥሩም ሌላ። አንድ ነገር እየተነቀለ የወጣበት ቦታ ነው። ቀና ስል ወንድሜ የሸሚዝ ኪሱን በመዳፉ ሸፍኗል። እጁን መንጭቄ ኪሱን እበረብራለሁ። ወረንጦ ነው፤ ጫፉ ላይ ትል ደርቆበታል።

«ፎቶ ላይ ስለሚያስጠላ ነው» ይላል። አሁን አይስቅም።

«ታውቅ ነበር!»

«ታዲያ ለማን ልንገር? ሥራዬ እንዲዘጋ?»

«ለእኔ! ለእህትህ ነዋ!»

«ሌላ ቀን እንመለስ ይሆን?» ትላለች ሙሽራዋ።

እጠላዋለሁ። አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው፣ እጠላዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ «ኩሬሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ በኖራ ግደይና እንደገና ጀምሪ» ብሎኛል። ምንጩ ካልጠራ ግን ወራጁ አይጠራም። ጆንያውን ጎትቼ አፉን በጥርሴ እፈታለሁ።

«አብደሻል እንዴ? ውሃው ይወርዳል እኮ! ያንቺም ያልቃሉ!»

«አውቃለሁ።»

እደፋዋለሁ። ኖራው እየተንፈቀፈቀ ቀዮቹን አንድ በአንድ ይሸፍንና፣ የነጣው ውሃ ወደ ቱቦው፣ ወደ እኔ ዓሦች ቁልቁል ይሄዳል።